የ«ድርሻ» ተመልካች ከመንሱራ

ካይሮ፣ ረመዳን 8

ለወይዘሮ ኢንሳፍ አል-ጋያር
መንሱራ

ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። በመጽሔታችን ላይ «የተመልካች ወንበር» የሚለውን ዓምድ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። በረመዳን በቀን አርባ ያህል ደብዳቤ ይመጣልኛል፤ ግማሹ ስለ ተዋናይዋ ፀጉር ነው። የእርስዎ ስለ ሕግ ሆነና ለብቻው አስቀመጥኩት።

ሦስት ነገር ጠይቀውኛል። ሁለቱን እመልሳለሁ።

በየምሽቱ ስለሚታየው «ድርሻ» ድራማ የጻፉት አስተያየት ሐሙስ ይወጣል። በአራተኛው ክፍል የሸሂር ቤይ ጠበቃ «የፊርማ ማረጋገጫ ፍርድ ወጣልን፤ ሕንፃው የኛ ነው» ሲል ጎረቤቶችዎ እንዳጨበጨቡ፣ እርስዎ ግን እንደ ተናደዱ የሚናገረውን አልነካሁትም። «ፍርድ ቤቱ ፊርማው የእገሌ ነው ይላል እንጂ ከፊርማው በላይ የተጻፈው እውነት ነው አይልም» የሚለው አረፍተ ነገር በደማቅ ፊደል ይወጣል። ስለ ደራሲው ሚስት የጻፉትን ግን ቆርጫለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አዎን፣ ደራሲውን በሕግ ነገር የሚያማክር ጠበቃ አለ። ስሙ በመግቢያው ላይ የማይታየው ራሱ ስላልፈለገ ነው።

ማን እንደሆነ የጠየቁኝን አልመልስም።

አሁን እኔ ልጠይቅ። በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ «የሸሂር እህት ናዝሊ ባዶ ወረቀት ላይ ስትፈርም ምን ልትሉ ነው?» ብለዋል። እስካሁን የታየው ሰባት ክፍል ነው፤ ናዝሊ ገና ብዕር አልነካችም። ፕሮዲውሰሩ አስቀድሞ የሚልክልን ጽሑፍ መሳቢያዬ ውስጥ ተቆልፎበታል። ያየነው ሦስት ሰዎች ነን። ወይዘሮ ኢንሳፍ፣ ማን ነገረዎት?

አክባሪዎ
ረፍዓት ዘህራን

መንሱራ፣ ረመዳን 11

ኡስታዝ ረፍዓት፣

ረመዳን ከሪም። ዓምዱን አየሁት። የደራሲውን ሚስት ብቻ ሳይሆን የእኔንም ሥራ ቆርጠውታል። ሠላሳ አንድ ዓመት የችሎት ጸሐፊ የነበርኩ ሴት ነኝ፤ ከሥራው ውጭ የሆንኩት በጡረታ ነው።

ማን ነገረዎት ይሉኛል። ማንም አልነገረኝም፤ ገምቼ ነበር። ያረጋገጡልኝ እርስዎ ነዎት። ባዶው ወረቀት በመሳቢያዎ ባይኖር ኖሮ «ተሳስተዋል» ይሉኝ ነበር እንጂ «ማን ነገረዎት» አይሉም። ስንቱ ምስክር እንዲህ በገዛ አፉ ሲያዝ ጽፌአለሁ።

እንዴት እንደገመትኩ ልንገርዎት። በአምስተኛው ክፍል ሸሂር እህቱን «በወንድምና በእህት መካከል ወረቀት ማንበብ ነውር ነው» ይላታል። ድራማውን ከእኔ ጋር የምታየው ጎረቤቴ ቡሰይና «አቤት አፍ! በዚህ አፉ ባንክ ሊዘርፍ ቢሄድ ዘበኛው በሩን ይከፍትለታል» አለች። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ያንን ቃል ሰምቼዋለሁ። ከሰባት ዓመት በፊት፣ እዚሁ ሳሎኔ ውስጥ፣ ከወንድሜ ከዋጊህ አፍ።

ዒድ ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ዋጊህ ካይሮ ውስጥ የሰው ገንዘብ ተቀብሎ የሚነግድና ትርፍ የሚያካፍል ኩባንያ እያቋቋመ ነበር። «ለእናታችን ውርስ አንድ ማመልከቻ ያስፈልጋል፤ አንቺ ከታች ፈርሚ፣ ጽሑፉን ካይሮ ስደርስ በታይፕ አስመታዋለሁ፤ ቢሮው ሊዘጋብኝ ነው» አለኝ። ፈረምኩ። ቴምብር ጎደለው ብዬ የሰው ማመልከቻ ስመልስ የኖርኩት ሴት ነጭ ወረቀት ግርጌ ላይ ፈረምኩ። በኋላ ማመልከቻው ሳያስፈልግ ቀረ፤ ወረቀቱ ግን አልተመለሰም። በጠየቅሁት ቁጥር «ጠፋ እኮ፣ ስንቴ ልንገርሽ?» ይለኛል።

የምኖርበት የእናቴ ቤት በስሜ ነው። ከእሱ ሌላ የለኝም። በዚያ ወረቀት ላይ ግን የፈለገ ሰው የፈለገውን ሊጽፍ ይችላል።

ስፈርም ክፍሉ ውስጥ ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ዋጊህና ጠበቃው ሉጥፊ። ሉጥፊ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር። እኔ ለማንም አልተናገርኩም። ዋጊህ ራሱን አያጋልጥም። ስለዚህ የደራሲው አማካሪ ሉጥፊ ነው ወይ? አንድ ቃል ይበቃኛል። ደግሞም ሸሂር ወረቀቱን በመጨረሻ ምን ብሎ ነው የሚሞላው?

ልዋሽዎት አልፈልግም፤ አላምንዎትም። ግን ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ኢንሳፍ አል-ጋያር

ካይሮ፣ ረመዳን 14

ወይዘሮ ኢንሳፍ፣

በጥያቄዬ ራሴን እንዳጋለጥኩ ያሳዩኝ ትክክል ነው። በሃያ ስድስት ዓመት የጋዜጠኝነት ሥራዬ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ለመመለስ የዘገየሁት ስለጠረጠርኩዎት ነው። የባዶ ወረቀቱን ጥያቄዎን ቢሮ ውስጥ ጮክ ብዬ አንብቤው ነበር፤ አስተያየትዎ በወጣ ማግስት ዋና አዘጋጃችን ጠራኝ።

«ረፍዓት፣ ይቺ የመንሱራዋ ሴትዮ ማን ናት?»

«ጡረታ የወጣች የችሎት ጸሐፊ ነኝ ትላለች።»

«ትላለች? ፕሮዲውሰሩ ደውሎ ከእናንተ ቤት ጽሑፍ እየወጣ ነው አለኝ። ወይ አንተ እያወጣህ ነው፣ ወይ እሱ ሴትዮዋን ልኮ እየፈተነህ ነው። የትኛው እንዲሆን ትመርጣለህ?»

ስለዚህ መንሱራ ያለውን ዘጋቢያችንን ፍርድ ቤቱ ድረስ ላክሁት። «አለች፤ ዳኞች ሳይቀሩ ይፈሯት ነበር» ብሎ ደወለልኝ። ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሆኖም ፕሮዲውሰሩ እውነተኛ ሰው መርጦ ቢልክስ ብዬ ማሰቤን እስካሁን አልተውኩም።

ያንን አንድ ቃል አልጽፍልዎትም። ወረቀቱ ምን ተብሎ እንደሚሞላ ግን ብፈልግም ልነግርዎ አልችልም። የመጨረሻዎቹ ክፍሎች ገና አልተጻፉም። ደራሲው ጠዋት ይጽፋል፣ ከሰዓት በኋላ ይቀረጻል።

ከትናንት በስቲያ ናዝሊ ከፈረመች ወዲህ ሰማንያ ሁለት ደብዳቤ መጥቷል። ሰባው እሷን የሚሳደብ ነው። ከታንታ አንድ ሰው «የእኔም እህት እንዲሁ ፈርማልኛለች፤ እስካሁን ምንም አላደረግኋትም» ይላል። ከነፎቶው ነው የላከው።

ሌላም ነገር አለ። የወንድምዎን ስም ለኢኮኖሚ ዓምዱ ባልደረባዬ ጠቀስኩለት። «ለምን ጠየቅኸኝ?» አለና በሩን ዘጋው። ከዚህ በላይ የምነግርዎት የለኝም።

ከወንድምዎ ጋር በቅርቡ ተነጋግረዋል?

ረፍዓት ዘህራን

መንሱራ፣ ረመዳን 18

ኡስታዝ ረፍዓት፣

ዘጋቢዎ በጓሮ ከሚዞር እኔኑ ቢጠይቀኝ መታወቂያዬን አሳየው ነበር። መታወቂያዬን የጠየቀኝ ግን ሌላ ሰው ነው።

ዋጊህ በየረመዳኑ በሹፌሩ እጅ የደረቀ አፕሪኮትና ለውዝ ይልክልኛል። እሱ ራሱ አይመጣም። ዘንድሮ ሹፌሩ ዕቃውን አስቀምጦ አልሄድ አለ።

«እመቤቴ ኢንሳፍ፣ የመታወቂያዎን ኮፒ ይዘህ ና ብለውኛል።»

«ለምን?»

«ለዑምራ፣ ለመካው ጉዞ ይመስለኛል። ሳይነግሩዎት ሊያስደስቱዎት ነው መሰለኝ።»

«ይመስለኛልና መሰለኝ አይበቃኝም፣ ወንድሜ። በጽሑፍ ይጠይቀኝ በለው።»

«ለኮፒ ሁሉ በጽሑፍ?»

«በተለይ ለኮፒ።»

በማግስቱ ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ሄድኩ። ሥራ ያስተማርኩት ሰብሪ አሁን መዝገብ ቤቱን ይመራል። ስሜን ፈለገልኝ፤ ሲያገኘው ጣቱን እላዩ ላይ አድርጎ መዝገቡን ወደ እኔ አዞረው። ከሳሽ ዋጊህ አል-ጋያር፣ ተከሳሽ ኢንሳፍ አል-ጋያር። የክሱ ዓይነት የፊርማ ማረጋገጫ። ችሎቱ ረመዳን 25። በመጥሪያው ላይ የእኔ አድራሻ ተብሎ የተሞላው ካይሮ ያለው የዋጊህ ቢሮ ነው። ፋይሉ ዳኛው ዘንድ ስለነበር ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ አላየሁም። ቤቴን ሸጬለት ይሆናል።

«ለፊርማ ብቻ ነው እኮ፣ እመቤቴ፤ ምን ያስጨንቅዎታል?» አለኝ ሰብሪ።

«ይህን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ?»

መዝገቡን ከደነው። እሱ እንዲህ ካለ ሌላው ሰው ምን ይበል? አገሩ ሁሉ «ለፊርማ ብቻ ነው» እያለ ከችሎት ይቀራል። ከዚያ የዚያ ፍርድ ኮፒ እንደ ባለቤትነት ደብተር ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል። ቡሰይናም «አትሂጂ፤ የሌለ ሰው ላይ አይፈረድም» ትለኛለች። የሚፈረደውማ የሌለ ሰው ላይ ነው።

እሄዳለሁ። ዳኛው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ፊርማው ያንቺ ነው? ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው መሐላ ጽፌ አሁን እኔ በሐሰት አልክድም። ስፈርም ባዶ ነበር ብል ደግሞ በጽሑፍ አስረጂ ይለኛል። ወረቀቱን በፈቃዱ የሰጠ ሰው በምስክር ብቻ አይታመንም፤ ሕጉ እንዲህ ነው። መስኮቱ ጋ ቆሞ ያየው ሰው በእጁ ካልጻፈልኝ በቀር ማስረጃ የለኝም። እሱ ደግሞ የከሳሹ ጠበቃ ነው።

ስለዚህ ስም መጠየቄን ትቻለሁ። ናዝሊ የፈረመችበትን ክፍል ጽሑፍ ከመሳቢያዎ አውጥተው አንድ ጊዜ እንዲያዩልኝ ነው የምለምንዎ። አማካሪ የሆነ ሰው ብዕሩን ሳያሳርፍበት አይመልስም።

ኢንሳፍ

ካይሮ፣ ረመዳን 21

ወይዘሮ ኢንሳፍ፣

ፖስታ ቤቱን ስላላመንኩት ይህን በዘጋቢያችን እጅ ልኬዋለሁ። አንድ ገጽ አብሮ አለ፤ ዋናው ነው፣ ኮፒ አይደለም።

ፕሮዲውሰሩ ንጹሑን ቅጂ የላከልን መስሎት አማካሪው ያረመውን ነበር የላከው። እኔም እስከ ትናንት ልብ ብዬ አላየሁትም። ናዝሊ በፈረመችበት ቦታ ደራሲው «ጥቂት መስመር የተጻፈበት ወረቀት» ብሎ ነበር። አማካሪው ሰርዞ ከጎኑ እንዲህ ብሏል፦

«አይደለም። ሙሉ በሙሉ ነጭ ነበር። መስኮቱ ጋ ቆሜ አይቻለሁ። እህትየው ራሷ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናት፤ ይህን ግን አትጨምረው፣ ሰው አያምንህም።»

ከሥሩ ስሙን በአጭሩ ፈርሟል። ስሙን እንዳልነገርኩዎት ይቆጠርልኝ።

ማን እንደሆኑ አሁንም ልቤ ሙሉ በሙሉ አላመነም። ይህ ገጽ ፕሮዲውሰሩ እጅ ከገባ ከማን መሳቢያ እንደወጣ ለማወቅ ደቂቃ አይፈጅበትም። ለምን እንደላክሁልዎ አይጠይቁኝ።

ረ.

መንሱራ፣ ረመዳን 26

ኡስታዝ ረፍዓት፣

ገጹ ደረሰኝ። ቀርቤያለሁ።

ወረቀቱን ችሎት ላይ አየሁት። ቤቴን አልሸጥኩም። ከሰባት ዓመት በፊት የተጻፈ የሽርክና ውል ነው ይላል፤ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ የዋጊህ ኩባንያ ግማሽ የእኔ ነው፣ ለሚመጣውም ነገር ሁሉ በንብረቴ ኃላፊ ነኝ። ከኋላዬ የተቀመጠችው ቡሰይና «ግማሽ ኩባንያ! ኢንሳፍ፣ ሹፌር ልትቀጥሪ ነው!» ብላ እልል ልትል አፏን ከፈተች። የችሎቱ ፖሊስ ነው ያስቆማት።

«ፊርማው ያንቺ ነው?» አለኝ ዳኛው።

«ነው።»

ሉጥፊ ፈጥኖ ተነሳ። «ክቡር ዳኛ፣ ተከሳሿ ስላመነች…»

«አልጨረስኩም» አልኩና ወደ ጸሐፊዋ ዞርኩ። ገና ወጣት ናት። «ጻፊ፣ ልጄ። ቀስ ብዬ ነው የምናገረው። ፊርማው የእኔ ነው፤ ነጠላ ሰረዝ። ስፈርም ወረቀቱ ላይ አንድም ቃል አልነበረም፤ አራት ነጥብ። ከማንም ጋር ሽርክና ገብቼ አላውቅም።»

ዳኛው የጽሑፍ ማስረጃ ጠየቀኝ። ገጹን ሰጠሁት። ሲጀምር ፈገግ አለ። ጠርዙን ሲያነብ ግን ፈገግታው ጠፋ።

«ኡስታዝ ሉጥፊ፣ ይህ የእጅ ጽሑፍ የማን ነው?»

«ክቡር ዳኛ፣ ይህ እኮ… ድራማ ነው።»

«ድራማውንማ አውቀዋለሁ፤ ባለቤቴ ሌላ ጣቢያ አታስከፍተኝም። የጠየቅሁህ ስለ እጅ ጽሑፉ ነው።»

ችሎቱ ሳቀ። ሉጥፊ ውሃ የለመነ ይመስል ከንፈሩን ላሰ፤ ጾመኛ ነው። ከዚያ ክሱን አንስቻለሁ አለ። ወረቀቱን ይዞ ሊወጣ ሲል ከፋይሉ እንዳይወጣ ጠየቅሁ። ዳኛውም ከመዝገቡ ጋር ታሽጎ እንዲቀመጥ አዘዘ።

ዋጊህ ውጭ መኪና ውስጥ ነበር። መስተዋቱን ዝቅ አደረገ።

«ግማሹን ሰጠሁሽ። ሌላ እህት ብትሆን እጄን ትስም ነበር።»

«ስትሰጠኝ ለምን ተደብቀህ ሰጠኸኝ?»

«ሰዎቹ ቢሮዬ በር ላይ ናቸው፣ ኢንሳፍ» አለኝ። እነማን ናቸው ብዬ አልጠየቅሁም። ገንዘባቸውን እሱ ጋ ያስቀመጡት ናቸው። ግማሹ ኩባንያ የእኔ ቢሆን ኖሮ ግማሾቹ የሚቆሙት የእኔ በር ላይ ነበር።

ቤቴ ተረፈ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

አሁን እውነቱን ይንገሩኝ። ባልደረባዎ በሩን ከመዝጋቱ በፊት ስለ ኩባንያው ምንም አላለዎትም? ገጹን የላኩልኝስ ለእኔ ብለው ነው ወይስ ለመጽሔትዎ?

ኢንሳፍ

ካይሮ፣ ረመዳን 29

ወይዘሮ ኢንሳፍ፣

ከትናንት ጀምሮ የመስቀለኛ ቃላት ዓምድ አዘጋጅ ነኝ። ፕሮዲውሰሩ ደቂቃም አልፈጀበትም። አግድም አምስት፣ ባለ አራት ፊደል፣ «አፉን የማይዘጋ»። መልሱን ለእርስዎ እተዋለሁ።

የጠየቁኝን እመልሳለሁ፤ አሁን የሚቆለፍ መሳቢያ የለኝም። ባልደረባዬ ኩባንያው ትርፍ ከከፈለ ሁለት ወር እንዳለፈው፣ ገንዘብ አስቀማጮቹም መሰለፍ እንደጀመሩ በአሥራ አራተኛው ቀን ነግሮኛል። በሩን የዘጋው ከነገረኝ በኋላ ነው። ዜናው ስላልወጣ ደበቅሁዎት። ያን ቀን ብነግርዎ ኖሮ ወንድምዎ ከእርስዎ ምን እንደሚፈልግ ቀድመው ይረዱ ነበር።

ገጹን የላክሁት ለሁለቱም ብዬ ነው። ዘጋቢያችን ችሎቱ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ እኔ ነኝ የላክሁት። የእርስዎን ስም አስገብቼ ለፊት ገጽ ጽፌው ነበር። ዋና አዘጋጁ «ወንድሟ ማስታወቂያ የሚሰጠን ሰው ነው» ብሎ ጣለው። ስምዎ ሳይወጣ የቀረው በእኔ ጨዋነት እንዳይመስልዎ።

ሲጠረጥሩኝ ልክ ነበሩ። ይቅርታ ማድረግ አለማድረጉ የእርስዎ ነው።

ዒድ ሙባረክ።

ረፍዓት

መንሱራ፣ ሸዋል 4

ኡስታዝ ረፍዓት፣ ዒዱ እንዴት አለፈ? በመጨረሻ ስላልዋሹኝ አመሰግናለሁ፤ ይቅርታውን ግን ገና እያሰብኩበት ነው። የመጨረሻውን ክፍል አይቻለሁ። ሸሂር ነጩን ወረቀት ለናዝሊ መልሶ እግሯ ላይ ሲወድቅ ቡሰይና «አየሽ፣ ወንድም ወንድም ነው!» ብላ አለቀሰች። እኔ የወረቀቱን ጀርባ ያሳዩናል ብዬ ስጠብቅ አለቀ። የታንታው ሰውዬ ከዚህ ክፍል በኋላ ምን ብሎ እንደጻፈ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ ለእሱ ሳይሆን ለእህቱ አስባለሁ። ዋጊህ በዒድ ሁለተኛ ቀን መጣ፤ ያለ ሹፌር፣ በሚኒባስ፣ ትንሽ ሻንጣ ይዞ። በር ላይ «ታስገቢኛለሽ?» አለኝ። «የእናትህ ቤት ነው፤ ግባ» አልኩት። ምሳ በልቶ ሶፋው ላይ እንደ ሕፃን ተኛ። ሲነቃ ቢሮውን እንዳሸጉት፣ ሉጥፊም ስልክ እንደማያነሳለት ነገረኝ፤ ለአዲስ ጠበቃ ልደውልለት ቁጥር ሊጽፍልኝ ፈለገ። «ባዶ ወረቀት የለሽም?» አለ። የተናገረው ለራሱ ጆሮ ሲደርስ ፊቱ ተለወጠ። የለኝም አልኩት፤ አልዋሸሁትም። ከችሎቱ ማግስት ጀምሮ ቤት ውስጥ የነበረውን ነጭ ወረቀት ሁሉ ለቡሰይና ልጆች ሥዕል እንዲሥሉበት ሰጥቻለሁ። ቁጥሩን መዳፉ ላይ ጻፈውና እጁን ዘርግቶልኝ አነበብኩት። ያን እጅ ልይዘው ፈልጌ ነበር፤ መጀመሪያ ግን ከቁጥሩ ሌላ የተጻፈ ነገር እንዳለበት አየሁ። የእናታችንን ክፍል ከፍቼለታለሁ፤ እስከፈለገ ይቀመጥ፣ ፖሊስ ከመጣም ከእኔ ቤት ይውሰደው። ሲተኛ ብርድ ልብስ አለብሰዋለሁ፤ ከዚያ ሄጄ ቁም ሣጥኑ መቆለፉን አያለሁ። ሁለቱንም የማደርገው እኔው ነኝ፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚተወኝ አላውቅም። እርስዎም ሉሁን ከዳር እስከ ዳር ሞልቼ፣ አንቀጽ እንኳ ሳልከፍል፣ ፊርማዬን ከመጨረሻው ቃል ጋር ስላጣበቅሁት ቅር አይበልዎ፤ የምጠረጥረው እርስዎን ብቻ አይደለም፤ኢንሳፍ አል-ጋያር